«አምስቱ የቲቤት ምስጢሮች»፦ እንቅስቃሴውን ያዝ፣ ተረቱን ጣል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ግማሹን አንብቦ ኮሜንት ላይ የሚሮጥ ሰው ሁለቱንም ወገን ያሳስታልና።

ባለፈው ሳምንት ሁለት መልእክቶች በውስጥ መስመር ደረሱኝ። የመጀመሪያው ከአንዲት እህት ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሳ ስለምትውል ወገቧን ያማታል። ጂም እንዳትገባ ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ነው፤ በዚያ ላይ ክፍያው አይቀመስም። ስለዚህ «አምስቱ የቲቤት እንቅስቃሴዎች» የሚል ቪዲዮ አግኝታ፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ በሯን ዘግታ መሥራት ጀመረች። ከሁለት ወር በኋላ ወገቧ ቀለል አላት፤ ከሱጁድ ስትነሳም እንደ ድሮው አታቃስትም። ከዚያ አንድ ግሩፕ ላይ «ይህን የሠራ ለጣዖት ሰግዷል» የሚል ጽሑፍ አየች። የላከችልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ወንድሜ፣ ከእስልምና ወጥቻለሁ እንዴ? እንደገና ሸሃዳ ልበል?»

ሁለተኛው ከአንድ ወጣት ነው። ያንኑ እንቅስቃሴ «ለዘመናት የተደበቀ የቲቤት መነኮሳት ምስጢር» እያለ ከሚሸጥ ሰው ኮርስ ገዝቷል። በየቀኑ 21 ጊዜ ከሠራኸው ሽበት ይጠቁራል፣ የዓይን ብርሃን ይመለሳል፣ በሰውነት ውስጥ ያሉ «ሰባት የኃይል ማዕከላት» ይከፈታሉ ተብሎለታል። እሱም የጠየቀኝ እንዲህ ነው፦ «በቀኝ በኩል ካልተሽከረከርኩ ኃይሉ ይገለበጥብኛል የሚሉት እውነት ነው?»

እህታችንን ያስለቀሳት የሐራም ነጋዴ ነው። ወንድማችንን ገንዘቡን የበላው ደግሞ የምስጢር ነጋዴ ነው። ሁለቱ ነጋዴዎች ጠላት ይመስላሉ እንጂ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፦ አንዳቸውም ስለሚናገሩት ነገር አልመረመሩም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋም አልሰጥም። ነገር ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ፈትዋ መስጠትም፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ መሸጥም በዲናችን ቦታ የለውም። እስቲ አብረን እንመርምር።

* የማይታወቀው ኮሎኔልና ስም የሌለው ገዳም *

«አምስቱ የቲቤት ምስጢሮች» የሚባለው ነገር መነሻው አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ፒተር ኬልደር የተባለ ሰው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሳተመው። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመገለጥ ዓይን» እንደማለት ነው። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኮሎኔል ብራድፎርድ የሚባል ጡረታ የወጣ የእንግሊዝ ጦር መኮንን፣ አርጅቶና ደክሞ ወደ ሂማላያ ይሄዳል። እዚያም ሽማግሌዎች ወጣት የሚሆኑበት ገዳም ያገኛል። መነኮሳቱ እንቅስቃሴዎቹን ያስተምሩታል። ሲመለስ ወዳጁ ሊያውቀው እስኪያቅተው ድረስ ወጣት ሆኗል።

ገዳሙ ስም የለውም። የት እንዳለም በትክክል አልተነገረም። «ብራድፎርድ» የሚለው የመኮንኑ እውነተኛ ስም እንዳልሆነ ራሱ ጸሐፊው ይነግረናል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወጣትነት ምንጭ በሚናገር ሌላ አማላይ ርዕስ እንደገና ታትሞ ገበያው ደራ፤ ዛሬ በየስልካችን የሚመጣው ቪዲዮ ሁሉ የዚያ ልጅ ነው።

ወንድሜ ሆይ! አንተ የሰነድ ኡማ ልጅ ነህ። ሙሐዲሶቻችን አንድ ዘገባ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከማን ሰማህ?» ብለው ነው። በሰነዱ ውስጥ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው፣ አንድ መጅሁል ከተገኘ ዘገባው ዶዒፍ ይባላል። እዚህ ሰነድ ላይ ደግሞ መኮንኑ መጅሁል፣ ገዳሙ መጅሁል፣ መነኮሳቱም መጅሁል ናቸው። ተራኪው አንድ ብቻ፣ እሱም መጽሐፍ ሻጭ ነው! ስለ ውዱእ አንድ ሐዲስ ስትሰማ «ሰነዱ ሶሒሕ ነው ወይ?» የምትል አንተ፣ ስለ ገዛ አካልህ ሲነገርህ ለምን ሰነዱን ሳትጠይቅ ገንዘብህን ትልካለህ?

ሌላም አለ። ሻጮቹ «አምስት» ይላሉ እንጂ መጽሐፉ ላይ ስድስተኛም አለ። ስድስተኛው የወሲብ ፍላጎትን አፍኖ፣ ኃይሉን ወደ ላይ ማሳብ የሚል ነው። ሙሉውን ጥቅም፣ ማለትም ያንን የተባለውን ወጣትነት፣ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ከትዳር አልጋ ርቆ መኖር አለበት። ይህን ለምን እንደሚደብቁት ግልጽ ነው፤ ቢናገሩት ማን ይገዛቸዋል? ለኛ ግን ጉዳዩ ከገበያ በላይ ነው። ሦስት ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት መጥተው አንደኛው «ከሴቶች እርቃለሁ፣ አላገባም» ሲል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምን ያህል አጥብቀው እንደመለሱለት ታውቃለህ። እሳቸው ያገቡ እንደነበር፣ ከሱናቸው የራቀ ከሳቸው እንዳልሆነ ነገሩት። ምንኩስና የኛ መንገድ አይደለም። ሙሉ ኮርሱን ገዝተሃል የተባልከው ወንድሜ፣ የዚህን ስድስተኛ ትምህርት ሰጥተውሃል?

እንቅስቃሴ ቁጥር አንድ፣ እጅን ዘርግቶ መሽከርከሩ፣ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ከመውለዊያ ደርቪሾች ሽክርክሪት ጋር እየተነጻጸረ ይተረካል። ከቲቤት የመጣ የተባለውን ምስጢር ለማሳመን ከኛ ሰፈር ሰዎች ስም መበደር አስፈልጎታል ማለት ነው።

* እውነተኛው የቲቤት ዮጋ ሌላ ነው *

«ታዲያ ቲቤት ውስጥ ዮጋ የለም?» ትል ይሆናል። አለ። እሱ ግን ይህ አይደለም። የቲቤት ቡድሂስቶች «ትሩል ኮር» የሚሉት የሰውነት እንቅስቃሴ አላቸው። ትንፋሽን ከመያዝ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ከመምህር ፈቃድ ተቀብሎ የሚጀመር፣ በአእምሮ የአማልክት ምስል እየሳሉና ማንትራ እየደገሙ የሚሠራ የአምልኮታቸው ክፍል ነው። ላሳ ከተማ ከፖታላ ቤተ መንግሥት ጀርባ ባለው ሉካንግ በሚባለው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የእነዚህ አቋቋሞች ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ብዙውን ጊዜ ተደብቆ የኖረውን ይህን ትምህርት ወደ አውሮፓ ካወጡት ሰዎች አንዱ ናምካይ ኖርቡ የተባለው የቲቤት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ተወልዶ በ2018 የሞተ፣ ጣሊያን ናፖሊ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ያስተማረ መምህር ነበር። «ያንትራ ዮጋ» ብሎ ያስተማረው 108 እንቅስቃሴዎች አሉት።

እዚህ ላይ መስመሩ ግልጽ ነው። ማንትራ ዱዓ ነው። አምላክ ነው የተባለን ምስል በልብ መሳል አምልኮ ነው። «እኔ እንኳ በልቤ አላህን ነው የማስበው» እያልክ እዚያ ውስጥ ብትገባ ራስህን እያታለልክ ነው። የባለቤቶቹንም እምነት እየናቅክ ነው፤ እነሱ ራሳቸው «ይህ ሃይማኖታችን ነው» እያሉህ አንተ «አይደለም፣ ስፖርት ነው» ማለት ምን የሚሉት ብልጠት ነው? ለነሱ ዲናቸው፣ ለኛ ዲናችን።

የምስጢር ነጋዴው ግን እነዚህን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አውቆ ያቀላቅላቸዋል። «የአሜሪካ ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» ይልሃል። እውነታው ይህ ነው፦ በሂዩስተን በሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በ39 የሊምፎማ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት አሳትመዋል። ለሰባት ሳምንት የቲቤት ዮጋ የሠሩት ሕሙማን ካልሠሩት የተሻለ እንቅልፍ አግኝተዋል። በጭንቀት፣ በድብርትና በድካም ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። የተጠናው እነዚህ አምስቱ አይደሉም። ስለ ሽበት አልተነገረም። ስለ ጡንቻም አልተነገረም። የታመመ ሰው ትንሽ እንቅልፍ ማግኘቱ ትልቅ ኒዕማ ነው፤ ነገር ግን ያንን ወስዶ «ወጣትነት ይመልሳል» ብሎ መሸጥ ውሸት ነው። ማታለል ደግሞ ከኛ መንገድ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ቲቤት ስትባል መነኮሳት ብቻ በዓይንህ የሚመጡብህ ከሆነ ተሳስተሃል። ላሳ ውስጥ ሙስሊሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ቲቤቶች «ካቼ» ይሏቸዋል፤ ብዙዎቹ መሠረታቸው ከካሽሚር ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1716 የተሠራ መስጂድ አላቸው። ከ1959 በኋላ ከነሱ ብዙዎቹ ወደ ሕንድ ተሰደው ዘሮቻቸው ዛሬ ሲሪናጋር ይኖራሉ። እነዚህ ወንድሞቻችን በላማዎች መካከል እየኖሩ የቲቤትን ቋንቋ ተናገሩ፣ ምግቡን በሉ፣ ከሕዝቡ ጋር ነገዱ። ሱጁዳቸውን ግን ለአላህ ብቻ አደረጉ። የሰውን አገር ልማድ መያዝና የሰውን አምልኮ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከነሱ የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል?

* ታዲያ አካል ምን ያገኛል? *

ተረቱን ገፈን ስንጥለው የሚቀረው አምስት የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው እጅ ዘርግቶ መሽከርከር ነው። ጡንቻ አያጠነክርም፤ አያፍታታም። ከጆሮ ውስጥ የሚገኘውን የሚዛን ሥርዓት ነው የሚነካው፤ ትርፉ ማዞር ነው። ደም ግፊት ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች አትሞክረው። በቀኝ ዞርክ በግራ ዞርክ የሚገለበጥ ኃይል የለም። የሚገለበጠው አንተው ነህ፤ ቁምሳጥኑ ጠርዝ ላይ!

ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ ጭንቅላትንና ሁለት እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት ነው። የሆድን ጡንቻና ከጭን በላይ ያለውን ጡንቻ ያሠራል። ይጠቅማል፤ ግን ሆዱ ያልጠነከረ ሰው እግሩን ሲያነሳ ወገቡ ከወለሉ ይነሳና ሸክሙ ሁሉ በአከርካሪው ላይ ይወድቃል። ለጀማሪ ጉልበትን አጥፎ ማንሳት ይሻላል።

ሦስተኛው ተንበርክኮ ወደ ኋላ መለጠጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክና ማሽን ላይ ላጎነበሰ ሰው ደረቱን ይከፍትለታል፤ የጭኑን ፊት ይስብለታል። ጭንቅላትን ወደ ኋላ መወርወር ግን አንገትን ይጎዳል።

አራተኛው ተቀምጦ እጅን ከኋላ ተክሎ፣ ሰውነትን እንደ ጠረጴዛ ማንሳት ነው። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። መቀመጫን፣ የጭን ጀርባን፣ ትከሻንና የክንድን ጀርባ ያጠነክራል። ሱቅ ውስጥ፣ ባጃጅ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው የሚተኙበት ጡንቻዎች እነዚሁ ናቸው።

አምስተኛው በእጅና በእግር ጣት ተደግፎ፣ አንዴ ደረትን ወደ ላይ እየከፈቱ፣ አንዴ መቀመጫን እንደ ተራራ ጫፍ ወደ ላይ እየሰቀሉ መመላለስ ነው። ክንድና ትከሻን ያበረታል፤ ባትንና የጭን ጀርባን ያፍታታል።

እንግዲህ ፍርዱ፦ ከአምስቱ አራቱ ጥሩ የቤት ውስጥ ስፖርት ናቸው። ዕቃ አይፈልጉም፣ ሰፊ ቦታ አይፈልጉም፣ ገንዘብ አይፈልጉም፣ ሰው አያይሽም። ለዚያች ልብስ ሰፊ እህታችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወገቧ የተሻላት «ማዕከል» ስለተከፈተላት ሳይሆን ጡንቻዋ መሥራት ስለጀመረ ነው። ጡንቻን የፈጠረው አላህ ነው፤ ሲሠራ እንዲጠነክር፣ ሲተኛ እንዲሰንፍ ያደረገውም እሱው ነው። ይህ ሕግ ላሳም ደሴም አንድ ነው።

መጽሐፉ «በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ሥራ፣ በየሳምንቱ ሁለት እየጨመርክ በአሥረኛው ሳምንት 21 ላይ ድረስ» ይላል። ቀስ በቀስ መጨመሩ ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ከኮሎኔሉ ጋር እስማማለሁ። 21 የሚለው ቁጥር ግን ምንም ተአምር የለበትም። እንዲያውም ችግር አለው። ጡንቻ የሚጠነክረው ሸክሙ ሲጨምርበት ነው። 21 ላይ ደርሰህ ለዓመታት እዚያው ከቆምክ አካልህ ይለምደዋል፤ ያገኘኸውን ትጠብቃለህ እንጂ አትጨምርም። ደግሞም ከአምስቱ ውስጥ ወደ ራስ የሚጎትት እንቅስቃሴ የለም፤ ቁጢጥ ብሎ መነሳትም የለም። ልብን ብዙ አያሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልገዋል። አምስቱ በቀን 15 ደቂቃ ቢወስዱብህ በሳምንት 105 ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ይህ ብቻ ይበቃሃል» የሚልህ ሰው በሒሳብም ተሸንፏል።

* ለሐራም ነጋዴው *

አሁን ወደ ሌላኛው እንዙር። አንተ «ይህን የሠራ ለጣዖት ሰግዷል» ብለህ የጻፍከው ወንድሜ፤ አላህ ለኔም ለአንተም ይዘንልን። ለዐቂዳ መቆርቆርህን እወድልሃለሁ። ግን የተናገርከው ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃለህ? ወንድሙን «ካፊር» ያለ ሰው፣ ቃሉ ከሁለቱ በአንዳቸው ላይ እንደሚመለስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። አንተ አንድ ቪዲዮ በግማሽ አይተህ፣ ቤቷን ዘግታ የታመመ ወገቧን የምታስታምም ሙስሊም ሴትን ከእስልምና አወጣሃት። የቂያማ ቀን ይህችን ሴት ምን ትላታለህ?

ዑለማኦቻችን ያስተማሩን መሠረት አለ፦ በዒባዳ ጉዳይ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ክልከላ ነው፤ በዱንያ ጉዳይ ግን ክልከላ እስኪመጣ ድረስ መሠረቱ ፍቅደት ነው። በጀርባ ተኝቶ እግር ማንሳት ዒባዳ ነው? የማን? ለማን? ሕፃናት በአልጋቸው ላይ ይህን ሲያደርጉ ማንን እያመለኩ ነው?

«ከካፊሮች የመጣ ነው» ትላለህ። የኸንደቅ ቀን መዲና ዙሪያ የተቆፈረውን ጉድጓድ አስታውስ። ያንን ዘዴ ያመጡት ሰልማን አልፋሪሲ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ዘዴው የፋርሶች ነበር፤ ፋርሶች ደግሞ በዚያን ጊዜ እሳት አምላኪዎች ነበሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘዴውን ተቀበሉ፣ በገዛ እጃቸውም አብረው ቆፈሩ። ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ እሳት ማምለክ ሌላ ነው።

ከዚህም የሚቀርብ ማስረጃ ልጨምርልህ። ዐውፍ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን ይጠቀሙበት ስለነበረው ሩቅያ ጠየቁ። አስተውል፤ ይህ ከንግግር የተሠራ፣ ለሺርክ በጣም የቀረበ ነገር ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጅምላ «ጣሉት» አላሉም። ሩቅያቸውን እንዲያቀርቡላቸው ጠየቁ፤ ሺርክ እስከሌለበት ድረስ ችግር እንደሌለው አስረዱ። ሙስሊም ዘግበውታል። መንገዱ ይህ ነው፦ አቅርበው፣ መርምረው፣ ሺርኩን አውጥተህ ጣል፣ የጸዳውን ያዝ። ንግግር ሆኖ እንኳ እንዲህ ከተመረመረ፣ ቃል የሌለበት የጡንቻ እንቅስቃሴ ሳይመረመር ለምን ይወገዛል?

የዘመናችን ዑለማእም ጉዳዩን በዝርዝር አይተውታል። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የአምልኮ ሥርዓትና ማንትራ ያለበትን ዮጋ ሐራም አድርጓል፤ እንቅስቃሴው ብቻውን ሲሆን እንኳ አንዱ ወደ ሌላው እንዳይጎትት መራቁን መክሯል። የኢንዶኔዥያ ዑለማእ ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 አምልኮ ያለበትን ሐራም ብሎ፣ ንጹሕ ስፖርት የሆነውን ፈቅዷል። ልዩነታቸውን ተመልከት፤ አንዱ ጥንቁቅ ነው፣ አንዱ ለቀቅ ያለ ነው። ሁለቱም ግን አምልኮን ከእንቅስቃሴ ለይተው ነው የተነሱት። አንዳቸውም ወገቧን ያፍታታችን ሴት ከእስልምና አላስወጡም።

በሌላ በኩል «ሳዑዲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት ፈቅዳ የለ?» የምትለው ወንድሜም ቆም በል። የንግድ ሚኒስቴር ፈቃድ የሸሪዓ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃህን ከቁርኣንና ከሱና፣ ከዑለማእም ማብራሪያ አምጣ እንጂ ከንግድ ፈቃድ አታምጣ።

ለጥንቃቄ የሚመክሩትን ዑለማእ ቃል አክብሬ እይዛለሁ። መንሸራተት አለ፤ አልክድም። ሰው በእግር ማንሳት ጀምሮ በ«ማዕከላት» ያምናል፤ ከዚያ ጥቅምና ጉዳት ከአላህ ውጭ ካለ «ኃይል» ይመጣል ብሎ ያስባል። ይህ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ግን ማስተማር ነው። «ሐራም!» ብለህ በሩን ዘግተህ ስትሄድ፣ ወጣቱ በመስኮት ወጥቶ የሚያገኘው የምስጢር ነጋዴውን ነው። ያ ሰው ደግሞ ስለ ዐቂዳው ምንም አይጨነቅለትም።

* «ሶላት እኮ ዮጋ ነው» ለምትሉ *

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ሐቅ ይጎድላል። ሩኩዕና ሱጁድን ከዮጋ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን አድርጎ «ሳይንስ ዛሬ ደረሰበት፣ እኛ ከ1400 ዓመት በፊት ጀምረናል» የሚል ፖስት በየጊዜው ይዞራል። ኒያችሁ መልካም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ምን እያላችሁ እንደሆነ አስቡት። ሶላት በአላህ ፊት መቆም ነው። ጌታህን ለማነጋገር እንጂ ባትህን ለመሳብ አትሰግድም። ሶላትን በስፖርት ጥቅሙ የምትለካው ከሆነ፣ ነገ ከሱጁድ የተሻለ የወገብ ስፖርት የመጣ ዕለት ልትተወው ነው? አልጋ ላይ ተኝቶ በጭንቅላቱ ምልክት የሚሰግድ በሽተኛ ሶላቱ ሙሉ ነው፤ አንድም ጡንቻ አላሠራም። ስፖርቱን በስፖርትነቱ፣ ሶላቱን በዒባዳነቱ ያዙ። ሁለቱን ስታቀላቅሉ እናንተም ሳታውቁት ከምስጢር ነጋዴው ጋር አንድ ሱቅ ትከፍታላችሁ።

* ምን እናድርግ? *

በጅምላ መቃወም ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ልጠቁም።

1. ስሙን ተወው። «የቲቤት ምስጢር» አትበል፤ «ምስጢር» የሚለው ቃል ለሻጩ ብቻ ነው የሚጠቅመው። እንቅስቃሴ ነው፤ እንቅስቃሴ በለው።

2. መሽከርከሩን ጣል። ለጥንካሬም ለመፍታታትም አይጠቅምህም። ማንትራ፣ «ማዕከላት»፣ የሚበራ የሻማ ሥነ ሥርዓት፣ የመዳፍ ማጋጠም ሰላምታ ያለበት ቪዲዮ ከሆነ ዝጋው። ድምፅ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ንጹሕ ቪዲዮ ፈልግ።

3. አራቱን ቀስ ብለህ ጀምር። በሦስት ጀምር፣ በየሳምንቱ ጨምር። ሲያምህ አቁም። የዲስክ ችግር፣ ደም ግፊት ወይም እርግዝና ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ፤ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አያስወጣም።

4. የጎደለውን ሙላ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳትን ጨምር። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተህ ጎንበስ ብለህ ወደ ጎድንህ ጎትት፤ ሲቀልህ ባለ 10 ሊትሩን አንሳ። ለመፍታታት ደግሞ ሰውነትህ ከሞቀ በኋላ አንዱን አቋቋም ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይዘህ ቆይ። መፍታታት በአንድ ቀን አይመጣም፤ አካል መሳቡን እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል።

5. ተራመድ። ታክሲውን አንድ ፌርማታ ቀድመህ ውረድ። መስጂድ በእግርህ ሂድ፤ ወደ መስጂድ የሚራመድ ሰው እርምጃው አጅር እንዳለው ታውቃለህ።

6. ኒያህን አስተካክል። ብርቱ ሙእሚን ከደካማ ሙእሚን አላህ ዘንድ የተወደደ መሆኑን፣ በሁለቱም ውስጥ ግን ኸይር እንዳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አካልህ በአንተ ላይ ሐቅ እንዳለውም አስተምረዋል። እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) በሩጫ ተወዳድረዋቸዋል። ለዒባዳ ብርታት፣ ለቤተሰብ ሐላል ፍለጋ ብለህ የምትሠራው ስፖርት አጅር ይሆንልሃል፤ ለመስታወት ብለህ የምትሠራው ግን ለመስታወት ነው።

አንድ ቃል ደግሞ ለመስጂድ ኮሚቴዎች፦ እህቶቻችን በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደብቀው ከማንም ቪዲዮ የሚማሩት ሌላ ቦታ ስላጡ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ የሚውል የመድረሳ አዳራሽ ያላችሁ መስጂዶች አሉ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ለሴቶች ብቻ፣ በሴት አሠልጣኝ ብትከፍቱት ምን ይጎድልባችኋል? «ሐራም» ማለት ቀላል ነው፤ ሐላሉን ማዘጋጀት ነው ከባዱ። አማና ያለባችሁ በከባዱ ነው።

ለእህቴ የመለስኩላትን እነሆ፦ እህቴ፣ ማንንም አላመለክሽም፤ በልብሽም በአንደበትሽም ከአላህ ሌላ የጠራሽው የለም። መሽከርከሩንና ስሙን ተዪው፣ የቀረውን ቢስሚላህ ብለሽ ሥሪ። የልብሽን ጉዳይ ደግሞ በአካል ከምታውቂያቸው ዓሊም ጠይቂ እንጂ ከግሩፕ አትጠይቂ። ለወንድሜ ደግሞ፦ ገንዘብህን ከቻልክ አስመልስ፤ ካልቻልክ የትምህርት ዋጋ አድርገው። የሚገለበጥ ኃይል የለም። ሽበትህም ለሙእሚን ክብር ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም።

አካላችን አማና ነው፤ ዐቂዳችንም አማና ነው። አንዱን ለማትረፍ ሌላውን መጣል ግዴታ የሚሆንብን፣ ለመመርመር ስንሰንፍ ብቻ ነው።

አላህ ጤናን ከኢማን ጋር ያድለን። ወላሁ አዕለም።

ለሌሎችም ይደርስ ዘንድ አጋሩት፤ ስታጋሩት ግን ሙሉውን አጋሩ።